ዘጠኝ ፊት እና በሚስማር የተመታ ወንበር

ጥቅምት 3 ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ፣

ባሉበት ሰላምና ጤና አይለይዎት። ያ ሲያስቸግርዎት የነበረው ጉልበት እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት ጀመሩ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ መሬት አልበቃኝ ብሎኛልና ሰላምታውን አሳጠረችው ብለው አይቀየሙኝ።

እትዬ፣ ፎቶ አንሺ ልሆን ነው። እዚህ ቴአትር ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ካውያ ይዤ የተዋናዮችን ልብስ ስተኩስ እንደኖርኩ ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት የቴአትር ቤቱ ፎቶ አንሺ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ሄደ። ታኅሣሥ 25 ደግሞ አዲስ ቴአትር ይከፈታል፤ ዳይሬክተሯ የዘጠኙን ተዋናዮች ፊት ከሰው ቁመት በላይ አድርጋ አሳትማ መግቢያው ግድግዳ ላይ ልትሰቅል አስባለች። ፊት ብቻ፣ ከግንባር እስከ አገጭ። እኛ ክፍል መጥታ ከየት ነው አሁን ሰው የማመጣው እያለች ስትብሰለሰል አፌ አላስችል አለኝና እኔ አነሳለሁ አልኳት። የት ተማርሽ አለችኝ። አክስቴ ፎቶ ቤት አላቸው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው አንስተዋል፣ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ አልኳት። ታዲያ ውሸት ነው? ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እርስዎ ፎቶ ቤት አልነበር የምውለው?

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና "ዘጠኙም ካማሩ ካሜራው ያንቺ ነው፤ ካላማሩ ካውያሽ አይጠፋም" አለችኝ። የቴአትር ቤቱን ካሜራና አንድ ወፍራም ሌንስ አስረከበችኝ።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ሳነሳ ሁሉም ነገር ልክ ነው። ፊት ላይ ስጠጋ ግን ሌንሱ ያብዳል። የላክሁልዎትን ሦስት ፎቶዎች ይመልከቷቸው። አንደኛው ላይ ጆሮው ፀጉሩ ሳይቀር ይቆጠራል፣ ዓይኖቹ ግን ጭጋግ ውስጥ ገብተዋል። በስልክ ልልክልዎት አስቤ ነበር፤ በስልክ የታየ ፎቶ አልታየም እንደሚሉ ስለማውቅ አሳትሜ በፖስታ ላክሁት። እባክዎ በማጉያ መነጽርዎ አይተው ይንገሩኝ። ፊት ላይ ተጠግተው ጥርት የሚያደርጉት እንዴት ነው?

ጉልበትዎን ስማለሁ፣ የሚያመውንም ጭምር።
የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 17 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለአፈ ፈጣኗ፣

የላይኛው ጌታ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የያዝሽውንም ይባርክልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ደግሞ ጎረቤቴ ላለው ፀጉር አስተካካይ ጮክ ብዬ። ስሜን ሰው ፊት ስላነሳሽ ደረቴን ነፍቼ ነው የሰነበትኩት። ጉልበቴ እንደ ፀባዩ ነው፤ ዛሬ ያለኝን ነገ አይደግመውም።

ፎቶዎቹን አየኋቸው። ልጄ፣ ተዋናይ ነው ያነሳሽው ወይስ ጆሮ? አይዞሽ፣ ይሄ ለኔ ውሃ መጠጣት ነው። ሌንሱን መጀመሪያ የምታሳዪው ቅርብ ያለውን ነገር ነው። ፊት ላይ ቅርብ ያለው ምንድን ነው? አፍንጫ። የአፍንጫው ጫፍ ላይ አተኩሪ፣ ሌላው ራሱ ተከትሎ ይመጣል። ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ፣ ክርኖችሽን ጎንሽ ላይ ለጥፊ።

ደግሞ ሰውን ዝም ብለሽ አታንሺ። ሰው ዕቃ አይደለም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ "እናንሳ?" ሳልል ቁልፉን የተጫንኩበት ቀን የለም። ሰውየው እሺ ይላል፣ ያኔ ትጫኛለሽ። ክብርም ነው፣ ሰውየውም ይዘጋጃል።

ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ፤ ግን አይኖርሽም።

ደስ እያላት የምትጽፍልሽ፣
አክስትሽ

*

ኅዳር 2 ቀን

ለውድ እትዬ፣

ከነጎረቤትዎ ሰላም ሁኑልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ልብስ መተኮሻው አጠገብ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፣ አንድ ሸሚዝ አቃጥዬ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። አፍንጫ ሆነ እትዬ፣ አፍንጫ ብቻ። ከተዋናዮቹ በዕድሜ ትልቋ ፎቶዋን ስታይ "ልጄ፣ አፍንጫዬ እኮ ከኔ ቀድሞ መድረክ ወጣ" ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። እኔም ሳቅሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።

በማግስቱ በራሴ ጊዜ አፍንጫውን ትቼ ዓይኑ ላይ አተኮርኩ። እርስዎን አልሰማ ብዬ አይደለም፣ ቸግሮኝ ነው። በጣም ተሻለ። ግን አሁንም አሥር ሳነሳ ሰባቱ አይሆኑም። ዓይኑ ላይ አደርጋለሁ፣ በካሜራው ማያ መስኮት ውስጥ ሳየው ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ ከዚያ እንዳስተማሩኝ እናንሳ እላለሁ፣ እሺ ይሉኛል፣ እጫናለሁ። ወጥቶ ሳየው ቅንድቡ ጥርት፣ ዓይኑ ብዥ። በአንድ ፀጉር ያህል ነው የምስተው። እጄ ነው ብዬ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አሰርኩት፤ ያው ነው። ሌንሱ ነው ብዬ ግድግዳ አነሳሁበት፤ የግድግዳው ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሰው ሲቀመጥ ብቻ ነው የሚበላሸው።

ዳይሬክተሯ አንዱን በትልቁ አሳትማ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ከሩቅ ያምራል አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰው ግን ቀርቦ ነው የሚያየው አለችኝ። እስከ ታኅሣሥ 15 ዘጠኙ ካላለቁ ሌላ ፎቶ አንሺ ትጠራለች። ከዘጠኙ እስካሁን የሆነልኝ ሁለት ነው፣ እሱም በዕድል።

እትዬ፣ ይሄ ነገር በርስዎ ደርሶ ያውቃል? በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ መቼም አንድ ቀን ደርሶብዎት ይሆናል። እንዴት ተወጡት? ምስጢር ካለው አይደብቁኝ፤ ካውያ መመለስ አልፈልግም።

ተስፋዋን በርስዎ ላይ የጣለች፣
የእህትዎ ልጅ

*

ኅዳር 24 ቀን

ለውድ እትዬ፣

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዬ አልደረሰዎት ይሆን? ስደውልልዎ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብለው ዘጉብኝ። ስለ ፎቶ ተጠይቀው ስልክ የዘጉበት ቀን ስለሌለ ግራ ገባኝ። ታመው ደብቀውኝ ነው? ወይስ አፍንጫውን ስለተውኩ ተቀየሙኝ?

ሦስተኛ ፊት አገኘሁ፤ ሃምሳ አራት ጊዜ አንስቼ። እንዲህ ከሆነ አልደርስም። ሁለት መስመር ይጻፉልኝ፣ ሌላው ይቅር።

የእህትዎ ልጅ

*

ታኅሣሥ 2 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናና ብርታት ይስጥሽ። አልታመምኩም፣ አልተቀየምኩሽምም። አፍሬ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ አፌ ተሳሰረብኝ፤ ስለዚህ ጽፌ በፈጣን ፖስታ ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ሸሚዝ አጠገብሽ ካለ አርቂው።

እኔ በዕድሜዬ አንድም ሰው ፊቱ ላይ ተጠግቼ አንስቼ አላውቅም። ከዚያ የሚብሰውን ልንገርሽ። ሌንስ አስተካክዬ አላውቅም።

ፎቶ ቤቱን ያስረከበኝ የቀድሞው ባለቤት ነው። ሲያስረክበኝ ወንበሩን በአራት ሚስማር ወለሉ ላይ መትቶት ነበር። የካሜራው ማቆሚያ ሦስት እግሮች የሚያርፉበትን በቀይ ቀለም ከቦታል። የሌንሱን ቀለበት ደግሞ በፕላስተር አሽጎታል። "ይሄን አትንኪ፣ እንጀራሽ ነው" አለኝ። አልነካሁም። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጉርድ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ካሜራ ቀይሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አስተካክሎ የሰጠኝ ሻጩ ነው፣ ፕላስተሩን ግን አዲሱ ሌንስ ላይ የለጠፍኩት እኔ በገዛ እጄ ነኝ። አንቺም ልጅ ሆነሽ እዚያ ወንበር ላይ እየተቀመጥሽ ለምን አይንቀሳቀስም ስትይኝ፣ ጥሩ ወንበር አይንቀሳቀስም ብዬሻለሁ። አፍንጫውን ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። ጠይቀሽኝ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

የኅዳር 2ቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ላብ አጠመቀኝ። ልጅቷ በኔ ቅጥፈት ካውያዋን ልትጨብጥ ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ፕላስተሩን ላጥኩት። ሙጫው ድንጋይ ሆኖ ጥፍሬን ሰበረኝ። ፀጉር አስተካካዩ መዶሻ ይዞ መጣና ወንበሩን ነቀልነው፤ አራት ሚስማር ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሲነቀል ወለሉ ላይ አራት ቀዳዳ ቀረ። እንዳየሁት ሳቄ መጣ፤ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሚ። መጀመሪያ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተጠግቼ በሰያፍ አነሳሁት። ስንት መስመር ጥርት ብሎ የተነበበ ይመስልሻል? ሁለት። ከላይም ከታችም ያለው ሁሉ ውሃ የነካው ይመስላል። ለካስ ሲጠጉ ጥርት የሚለው ቦታ ከጣት ውፍረት አይበልጥም። ከአፍንጫ እስከ ዓይን ደግሞ ስንት ጣት ነው? ለዚህ ነው አፍንጫ ስትይ ዓይን የጠፋብሽ። ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ትንሽ ሳጠበው አራት መስመር ሆነ። አንቺም አጥብቢው፣ ብርሃን እንዳያንስሽ ብቻ ሰውየውን መስኮት አጠገብ አስቀምጪው።

ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩን አስቀመጥኩት። ዓይኑ ላይ አደረግሁ፣ እናንሳ አልኩት፣ እሺ አለኝ፣ ተጫንኩ። ብዥ። ሃያ ጊዜ አነሳሁት፣ አሥራ ስድስቱ ያንቺው ነገር ነው፤ ቅንድብ ጥርት፣ ዓይን ብዥ። ተናድጄ ካሜራውን ሳልለቅ ቆሜ እያለ እሱ አንድ ደንበኛው ጆሮዬን ተቆረጥኩ ብሎ እንዴት እንደጮኸ ማውራት ጀመረ፤ ወሬውን ጨርሶ ዝም ሲል እንዲሁ ተጫንኩት፣ ሳልጠይቀው። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ወጣ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ቀይ ክር ሳይቀር። ጮህኩ፣ እሱ ደግሞ ካሜራው የፈነዳ መስሎት ከወንበሩ ዘለለ።

ገባሽ? ሰው እሺ ሲል አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። አገጩ ዝቅ፣ ግንባሩ ወደፊት። ቆጠርኩ። ልብስ ሰፊዋን፣ ዳቦ ሻጩን፣ የትራፊክ ፖሊሱን፣ ፖስተኛውን ሁሉ አስቀመጥኳቸው፤ እሺ ሲል አንገቱ ዝም የሚል ሰው አልተፈጠረም። የኔ ጉድ ደግሞ ይብሳል፤ እኔም እናንሳ ስል ወደፊት ዘንበል እላለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔና ደንበኞቼ ተሰጋግደን ነው ለካ የምንነሳው። ሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ምንም አይጎዳም፤ አንድ ክንድ ላይ ግን ዓይኑን ይዞብሽ ይሄዳል። አንቺን ያበላሸሽ እጅሽም ሌንሱም አይደለም፣ ከኔ የወረስሽው ጨዋነት ነው።

ስለዚህ አትጠይቂ። አስፈቅደሽ ከተቀመጠ በቃ፣ ተፈቅዶልሻል። ላንቺ ቅርብ ያለው ዓይኑ ላይ አተኩሪ፣ ካተኮርሽ በኋላ ካሜራውን ወዲያ ወዲህ አታድርጊ፣ አስወሪው፣ ዝም ሲል ተጫኚ።

አክስቴ አስተማረችኝ ያልሽውን ለሴትዮዋ ለማስተካከል ፈቅጄልሻለሁ። ወይም ዘጠኙ ይለቁና ከዚያ በኋላ ንገሪያት።

እያፈረች የምትወድሽ፣
አክስትሽ

*

ታኅሣሥ 28 ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ፣ ለመምህሬ፣

አዎ፣ ለመምህሬ፤ አይከራከሩኝ። ጤናዎ ይብዛ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ ፕላስተር የላጡት ጣቶች ይባረኩ።

ደብዳቤዎ ታኅሣሥ 6 ደረሰኝ። የተሰጋገዳችሁበት ጋ ስደርስ እንደዚያ ስስቅ የልብስ ክፍሉ ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ይቅርታ። በማግስቱ አፍንጫዋ የቀደማትን ትልቋን ተዋናይ መስኮት ጋ አስቀመጥኳት። ስለ መጀመሪያ ቀን መድረኳ አወራችኝ፣ ጨርሳ ዝም አለች፣ ተጫንኩ። እትዬ፣ በሽፋሽፍቷና በሽፋሽፍቷ መካከል ያለው ሁሉ ወጣ። በሦስት ቀን አምስት ሰው ጨረስኩ። ከድሮዎቹ ጋር ስምንት።

ዘጠነኛው ግን ዋናው ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ቴአትሩ ላይ አባቱን ሆነው የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሆኗቸው ራሳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ነው፣ ግን አያቆምም። በጉርድ ፎቶ አይታይም፤ በአንድ ክንድ ርቀት ግን ዓይናቸው እዚያች ጥርት የምትል የጣት ውፍረት ውስጥ ይገባል ይወጣል። ያፍሩበታል። አንድ ቀን አሞኛል፣ አንድ ቀን እንግዳ አለብኝ እያሉ ሸሹኝ። ታኅሣሥ 13 ልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ገብቼ ያዝኳቸው። የድሮ ፎቶ አለኝ፣ እሱን ስቀሉት አሉኝ፤ የሃያ ዓመት ፎቶ። ለዳይሬክተሯ ብነግራት ስምንት አዲስና አንድ አሮጌ አልሰቅልም፣ ዘጠኙንም ሌላ ሰው ያነሳቸዋል አለች። ሁለት ቀን ቀርቶኛል።

ተመልሼ ሄጄ ምን እንደምል ጠፍቶኝ የርስዎን ወንበር ታሪክ ነገርኳቸው። ሚስማሩን፣ ቀይ ቀለሙን፣ ፕላስተሩን። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን እየጠረጉ "ልጄ፣ እኔን ግን በሚስማር ብትመቺኝም አልቆምም" አሉኝ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። እኔ እኮ ሦስት ዓመት ልብስ ይዤ ከመጋረጃ ጀርባ ስቆም የማየው እሳቸውን ነው። መድረክ ላይ ሲወጡ አይንቀጠቀጡም። እስኪወጡ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሲወርዱ ይንቀጠቀጣሉ፣ መካከል ላይ የለም። ይሄን ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ማንም ነግሯቸው አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ያላየ ለመምሰል ዓይኑን ሲያዞር ኖሮ።

በማግስቱ ጠዋት ባዶው መድረክ ላይ ወጣን። ብርሃኑን በአንድ በኩል አስበራሁ፣ እሳቸው ቆሙ፣ እኔ ፊታቸው ተንበረከክሁ። ልጁን ከደጅ የሚጠራ አባት የሚሆኑበት ቦታ አለ፤ እሱን ይበሉልኝ አልኩ። ሲጀምሩ አገጫቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሦስተኛው ቃል ላይ ቆመ። ልጁን ጠሩና መልስ የሚጠብቁበት ዝምታ አለ፣ ረጅም ነው፤ በየልምምዱ ሰው ትንፋሹን የሚውጥበት። ቅርቡ ዓይናቸው ላይ አድርጌ እዚያ ዝምታ ውስጥ ተጫንኩ። አሥራ አንድ ጊዜ አስደገምኳቸው። ዘጠነኛው ላይ አውቄዋለሁ፣ ሳላየው አውቄዋለሁ።

ታትሞ ሲመጣ ለጋሼ መጀመሪያ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት። "ይሄ ሰውዬ ጸጥ ብሏል" አሉ። አዎ፣ ያኔ ጸጥ ብለው ነበር አልኳቸው። አንድ ትንሽ ቅጂ ለባለቤቴ ስጪኝ፣ ትየው አሉኝ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ዳይሬክተሯ ከሩቅ አየችው፣ ቀረበች፣ ደግሞ ቀረበች፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ። ቀና ስትል "ካውያውን ለማን ነው የምታስረክቢው?" አለችኝ። እትዬ፣ እዚያው ተቀመጥኩ፣ ወለሉ ላይ። ከዚያ ስለ ወንበሩ ነገርኳት፤ እንዲያውም እኚህን ሴትዮ ባውቃቸው አለች።

ታኅሣሥ 25 አዳራሹ ሞልቶ ሰው ሁሉ ወደ ፊቶቹ ሲጠጋ፣ አንዱ ሲጠቁም፣ አንዷ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ፣ እኔ ጥግ ቆሜ እንደ ሞኝ ፈገግ እል ነበር። የጋሼን ፎቶ በደንብ አሳትሜ ልኬልዎታለሁ። አይተው እውነቱን ይንገሩኝ፣ ስህተት ካለበት አይደብቁኝ።

የቴአትር ቤቱ ፎቶ አንሺ፣
የእህትዎ ልጅ

*

ጥር 15 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ደስታሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽን ለጎረቤቶቼ በሙሉ አንብቤላቸዋለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች፣ ፀጉር አስተካካዩ ሚስማሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ እያለ ሰፈሩን አስቸግሯል። እኔም ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ አራት የተጠጋ ፊት ሰቅያለሁ። አንዷ ይሄን ሁሉ መስመር ከየት አመጣሽብኝ ብላ ተቆጥታ ሄደች፤ ሳምንት ሳይሞላ እናቷን ይዛ መጣች፣ እንዲሁ አንሺልኝ ብላ።

የጋሼን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በማጉያ መነጽሬ ከግንባር ጀመርኩ፣ ስህተት ልፈልግ። ቅንድቡ ልክ ነው። ሽፋሽፍቱ ልክ ነው፤ ቆጠርኩት፣ እስከ አርባ ደርሼ ተውኩት። ብሌኑ ጥርት ያለ መስተዋት ነው። እዚያ መስተዋት ውስጥ አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በጣቴ ጠረግሁት፤ አልሄደም። ወደ መስኮቱ ወስጄ እንደገና አየሁት።

አንቺ ነሽ። በአንድ ጉልበትሽ ተንበርክከሻል፣ ክርኖችሽን ጎንሽ ላይ ለጥፈሻል። ፀጉርሽን ተቆርጠሻል፣ አልነገርሽኝም። ትከሻሽ ጠቧል፣ ምግብ አትበዪም እንዴ? ሰባት ዓመት ሆነኝ ካየሁሽ፤ በየደብዳቤሽ የሰው ፊት ትልኪልኛለሽ፣ እኔም የሰው ፊት እያየሁ እመልስልሻለሁ። መነጽሩን ሳላነሳ ብዙ ቆየሁ። ጉልበቴ ቆሜ እንደነበር ያስታወሰኝ በኋላ ነው።

ፊትሽ ግን አይታይም። ካሜራው ጋርዶታል።

ልጄ፣ ሥራሽ ስህተት የለበትም። አሁን ካሜራውን ለሌላ ሰው ስጪና ቁጭ በይ፣ ፊትሽን ላኪልኝ። ብዥ ቢልም ግድ የለኝም።

አክስትሽ